ቁልቁለቱ እንዳይረሳ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሰሜን ሸዋ ከ55 እና ከ60 ዓመት በኋላ ተራራ መውጣት የሚጀምር ሰው እየበዛ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች እናት፣ ሐኪሙ "ደም ግፊትህን በእግርህ አውርደው" ያለው ነጋዴ፣ ጠዋት ቆሎና ውኃ ይዘው ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ይላሉ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው እንዲህ ያሉ ጀማሪዎችን ይዘን የምንወጣ ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን የፊዚዮቴራፒና የነርስነት ሙያ ያላቸው አሉ። ጀማሪ ሁሉ ለዳገት ይዘጋጃል፤ ጉዳት የሚደርሰው ግን በአብዛኛው ሲወረድ ነው። አንባቢዎቻችሁ ይህን ቀድመው ቢያውቁ ብዙ ጉልበት ይተርፋል ብለን እናምናለን።

ዳገት ራሱ ያስጠነቅቃል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውም ሳይወድ በግዱ ቆም ይላል። ቁልቁለት ይህ ማስጠንቀቂያ የለውም። ትንፋሽ ስለማያጥር ሰው የደከመ አይመስለውም፤ ጨዋታው ይደምቃል፣ እርምጃው ይረዝማል። በዚያው ጊዜ የጭን የፊት ጡንቻ በየእርምጃው እንደ መኪና ፍሬን የሰውነትን ክብደት ይዞ፣ እየተለጠጠ ይሠራል። ጡንቻ ሸክም ይዞ ሲለጠጥ ክሮቹ በጥቃቅኑ ይጎዳሉ፤ ሲኮማተር ከሚደርስበት ይልቅ ይኸኛው ይብስበታል። ከሰዓት በኋላ ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፍሬኑ እያለቀ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት የምትንከባለል ኮረት ትበቃለች። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚከለክለው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚብሰው የጭን ሕመምም ከዚሁ የመጣ ነው። ብዙ ሰው "ዳገቱ ጎዳኝ" ብሎ እርግፍ አድርጎ የሚተወው የሕመሙን መነሻ ስላላወቀ ነው።

ደግነቱ ይህ ጡንቻ ቶሎ ይማራል። አንድ ቀን በመጠኑ ቁልቁለት የወረደ ጭን በቀጣዮቹ ሳምንታት ያንኑ ያህል ቢወርድ ሕመሙ በጣም ይቀንስለታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁልቁለት አጭር ይሁን፤ ከፍታው 100 ሜትር ያህል የሆነ ኮረብታ ይበቃል። ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ 200፣ ከዚያ 300 እያሉ ይጨምሩ። አንድ ጊዜ 600 ሜትር ወርዶ ሁለት ወር ከመተኛት ይህ ይሻላል።

ተራራው ከመነካቱ በፊት ግን ስምንት ሳምንት የሚወስድ የቤት ሥራ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት አራት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሜዳ ላይ መራመድ ነው። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ከከተማው ወጣ ያለው መስክ ሁሉ ለዚህ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ትንሹ ልክ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምርበታል። ይህን ጭማሪ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለቁልቁለት የሚያስፈልገው ግን በተለይ እሱ ነው።

ከልምምዶቹ ሁሉ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ሰው ደረጃ መውረድን ይምረጥ። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ እርከን ወይም ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ይቁሙ፤ አንዱ እጅ ግድግዳ ይንካ። በሆድዎ ሦስት እየቆጠሩ የቆሙበትን ጉልበት ቀስ ብለው ያጥፉ፤ የሌላኛው እግር ተረከዝ መሬቱን እንቁላል ላይ እንደሚያርፍ ያህል ይንካውና ይመለስ። ክብደትዎን ታች ላይ አይጣሉ። በየእግሩ ስምንት ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረጃውን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፤ ጉልበት ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው ጉልበት ይወድቃል። ይህ የሚሆነው የዳሌ ጡንቻ ሲደክም ነው፤ ተራራ ላይ የጉልበት ቆብን የሚያሳምመውም ይኸው ነው። መስተዋት ፊት ለፊት አስቀምጠው ጉልበትዎ ከሁለተኛዋ የእግር ጣት በላይ መሆኑን ይዩ። ካልሆነ ደረጃውን ያሳጥሩ እንጂ ቁጥሩን አይጨምሩ።

መነሻዎን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ቀላል መለኪያዎች አሉ። ክንድዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበር በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነሥተው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለ ወንድ ከ14 በታች፣ ለሴት ከ12 በታች ከሆነ እግር ገና ነው፤ ስምንቱ ሳምንት አሥራ ሁለት ይሁን። ሁለተኛው በአንድ እግር ለ10 ሴኮንድ መቆም ነው። ያልቻለ ሰው በየቀኑ ጥርሱን ሲፋቅ አጠገቡ የሚይዘው ነገር ባለበት ይለማመድ።

ሐኪም ዘንድ መሄድም የዚሁ ዝግጅት ክፍል ነው። ሲራመዱ ደረት የሚጨንቃቸው፣ የሚያዞራቸው፣ ያለ ምክንያት ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ሳይታዩ ዳገት አይሞክሩ። ብዙም የማይነገረው የመድኃኒቶቹ ጉዳይ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰሉ የሚያሸኑ የግፊት መድኃኒቶች ፀሐይ ላይ ውኃ ሲጎድል ከተቀመጡበት ሲነሡ ያዞራሉ፤ ስለዚህ ከዕረፍት ሲነሡ መጀመሪያ ዱላዎን ይደገፉና እስከ አሥር ቆጥረው ይራመዱ። አቴኖሎልን የመሰሉት ደግሞ የልብ ምትን ስለሚይዙ ምት ቆጥሮ ፍጥነትን መወሰን ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ከመነሣቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፤ ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ሳይበላ አይነሣ። ኪሱ ውስጥ ስኳር ይያዝ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መነጫነጭ ሲመጣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ጠጥቶ 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ካልተሻለው ይድገም። የእግር ጉዞ ስኳርን ሌሊትም ጭምር ሊያወርድ ስለሚችል የዚያን ቀን እራት አይዘለልም። ኢንሱሊኑ በውርጭ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይበላሻል፤ እንደ መንዝ ጓሳ ባለ ደጋ ጠዋት ቦታው የጀርባ ቦርሳ ሳይሆን የውስጥ ኪስ ነው።

አንድ ልማድ በግልጽ እንቃወማለን። ከመውጣታቸው በፊት "ለጉልበቴ" ብለው ዳይክሎፌናክ የሚውጡ አሉ። መድኃኒቱ ጉልበት የሚያሰማውን ማስጠንቀቂያ ይዘጋል፤ ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ፣ በተለይ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ፣ ኩላሊት ይጎዳል። ጉልበት አስቀድሞ የሚያም ከሆነ የዚያን ቀን መንገድ ይጠር።

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ይህ ለጠንካራ ጎልማሳ ነው። ለ60 ዓመት ጀማሪ፣ ያውም ከ2,800 ሜትር በላይ፣ እኛ የምንቆጥረው ለ3 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ300 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ነው። 4 ኪሎ ሜትር ርቀትና 400 ሜትር ከፍታ ያለው መንገድ ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ20፣ ለዳገቱም 1 ሰዓት ከ20 ይፈልጋል፤ መውጫው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። መውረጃውን ሙሉ 2 ሰዓት ይስጡት፤ "ቁልቁለት ነው፣ በግማሹ ይደረሳል" አይበሉ። በየ45 ደቂቃው 5 ደቂቃ ዕረፍትና አናቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ምሳ ሲጨመር ስድስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሣ ሰው 7 ሰዓት ላይ ጨርሷል። ረፋድ 4 ሰዓት የተነሣ ግን ያንኑ መንገድ የሚጨርሰው 10 ሰዓት ነው፤ በኅዳር ደግሞ ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ወለምታ ቢገጥመው የቀረችው ሁለት ሰዓት ናት።

ዳገት ሲወጡ ከጎን ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የማይችሉ ከሆነ ፈጥነዋል። መዝሙር ማዜም ከቻሉ ደግሞ ጥቂት መጨመር ይቻላል። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ገንዘብ አይገዛም። ቡድን ሲሆን ፊት የሚሄደው ከሁሉም የሚዘገየው ሰው ይሁን። ወጣቱ ቀድሞ ሄዶ አረፍ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ፣ አዛውንቱ ሲደርስ እሱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይውላል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የሚገለበጥበት ቦታ ብዙ ነው። ሰሜን ሸዋ መሐሉ ሜዳ፣ ዳሩ ገደል ነው። መኪና የሚያደርሰው አፋፉ ላይ ነው፤ አንኮበርም ይሁን ጣርማ በር፣ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ የሚያሳየው የሞረትና ጅሩ ጠርዝ፣ ጉዞው የሚጀመረው በመውረድ ነው። ጠዋት ቅዝቃዜው ደስ ይላል፣ እግር ትኩስ ነው፣ አንድ ሰዓት ሳይታወቅ ያልቃል። ሲመለሱ ያው መንገድ ዳገት ሆኖ ይጠብቃል፤ ፀሐይ ከብዷል፣ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁል ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ሸለቆው ይፋጃል፣ ውኃውም ወደ ማለቁ ነው። ፍሬኑ ያለቀ ጭን ያንን ዳገት ሊወጣ ነው። ስለዚህ ከአፋፍ የሚጀመር ጉዞ ሰዓቱ ለሦስት ይከፈል፤ አንዱ እጅ ለመውረድ፣ ሁለቱ እጅ ለመመለስ። 2 ሰዓት ላይ ተነሥተው በ8 ሰዓት አፋፉ ላይ መገኘት የሚፈልጉ ከሆነ 4 ሰዓት ሲል ባሉበት ይዙሩ፤ ወንዙ ቢታይም፣ "እዚህች ናት" ቢባልም። የሚያዞረው ሰዓቱ እንጂ ቦታው አይሁን። ጀማሪ ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከታች ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ቢመርጥ ይሻላል፤ ቢደክመው የትም ቦታ ሊመለስ ይችላል።

አወራረዱ ራሱ ሙያ አለው። እርምጃ ያሳጥሩ፤ ጫማዎ ከቀደመው ጫማ ፊት ብዙም አይራቅ። ጉልበት ገትረው አይርገጡ፣ ሁልጊዜ በትንሹ የታጠፈ ይሁን፤ የተገተረ ጉልበት ክብደቱን ለጡንቻ ሳይሰጥ በቀጥታ መገጣጠሚያው ላይ ይጥለዋል። ገላዎን ወደ ኋላ አያንጋሉ። በፍርሃት ወደ ኋላ የሚያዘነብል ሰው ተረከዙ ብቻ መሬት ስለሚይዝ የሚንሸራተተው እሱ ነው፤ ደረትዎን በመጠኑ ወደ ፊት ያምጡት፣ ያን ጊዜ መላው ሶል ይይዛል። ቀጥ ያለውን በዚግዛግ ይቁረጡት። ዓይን ሁለት ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይይ። ኮረት ከተበተነበት ድፍን አለት፣ ከለሰለሰ አለት ደግሞ አፈር ይሻላል። የጋቢው ጫፍ ታጥፎ ይታሰር፤ እግር ስር የሚገባ ጋቢ ስንቱን ጥሏል።

ዱላ ያስፈልጋል፤ አያያዙ ግን ይለያል። በአገራችን ልማድ ዱላ ትከሻ ላይ ተጋድሞ ሁለት እጅ ይንጠለጠልበታል። ለሜዳ ያምራል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሚዛን ያሳጣል፣ ሲወድቁም እጅ አይደርስም። ዱላው ከእግር ቀድሞ መሬት ይያዝ፤ መጀመሪያ ዱላ፣ ቀጥሎ እግር። ልኩ ሜዳ ላይ ሲያቆሙት ክርንዎ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራበት ነው፤ ለቁልቁለት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ይመረጣል። የወይራ ዱላ ጠንካራ ነው፤ ጫፉ ላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ቢመታበት አለት ላይ አይንሸራተትም። ሁለት ዱላ ከአንድ ይበልጣል። ከዘራ ግን ለዚህ አጭር ነው፤ ሰውን ወደ ፊት ያጎነብሰዋል።

ጫማ ላይ ሰው ገንዘቡን ያወጣል፣ ግን ያለ ቦታው። በሳልቫጅ ገበያ የሚገኙ የተራራ ጫማዎች ላያቸው አዲስ ቆዳ ሆኖ ውስጣቸው ያለቀ ሊሆን ይችላል። በላይኛው ቆዳና በታችኛው ጎማ መሐል ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍል ጫማው ባይደረግም እንኳ በዓመታት ብዛት እርጥበት እየበላው ይሻግታል፤ ከዚያ አንድ ቀን ተራራ ላይ ሶሉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተላቅቆ ይቀራል። ከመግዛትዎ በፊት ያንን ክፍል በአውራ ጣት ጥፍር ጠንከር አድርገው ይጫኑት። ተመልሶ ካልሞላ፣ ከተፈረፈረ ወይም ዱቄት ካወጣ ይተዉት። ቀጥሎ ጫማውን ይጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት በጣቶቹ ሥር ነው፣ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ድጋፍ የለውም። ስንጥቅ ካሳየም አይሆንም። ልኩ የሚሞከረው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ጥቂት ሲያብጥ፣ በወፍራም ካልሲ ነው፤ ከረጅሟ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ይህ ቦታ ከሌለ ቁልቁለት ላይ ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጩ ጥፍር ጠቁሮ ይወድቃል። ቦታው ኖሮም ማሰሪያው ከላላ ያው ነው፤ ስለዚህ ከመውረድዎ በፊት ቆም ብለው ተረከዝዎን ወደ ኋላ ገፍተው ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቀው እንደገና ይሰሩት። ለዳገት ላላ፣ ለቁልቁለት ጠበቅ ነው ነገሩ። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ።

ካልሲው ከሱፍ ቢሆን ይመረጣል። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀመጥ ቆዳውን ያርሰዋል፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ውኃ ይቋጥራል። ውኃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ቁጭ ብሎ ፕላስተር መለጠፍ ነው። "ስንደርስ አየዋለሁ" ያለ ሰው ሲደርስ የሚያየው የተላጠ ተረከዝ ነው። በኮንጎ ጫማ ገደል የሚወርደውን የአገሬውን ሰው አይቶ መከተል አይገባም፤ የእሱ እግር ከልጅነቱ የተሠራ ነው።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ይመረጣል፤ ክረምቱ አልፏል፣ መሬቱ ደርቋል። ዋጋው ውርጭ ነው። ከፍ ባለው ደጋ ሌሊት ውርጭ ያደረበት መሬት ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ብቻ ይሟሟል፤ ስሩ ደረቅ፣ ላዩ ቅባት የሆነ ጭቃ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ፀሐይ የደረሰበትን ቁልቁለት ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አለመንካት ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልጉ ዝናብ አለ፤ የጅሩ መረሬ አፈር ሲርስ ጫማ ላይ እየተጠቀለለ በየእግሩ ኪሎ ያስሸክማል። በምሥራቁ አፋፍ፣ ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና፣ የሚያሳስበው ጉሙ ነው። ከአፋር ቆላ የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ጥርት ያለ ሰማይ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። ጉም ሲወርድ የገደሉን ጠርዝ ጥለው ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ሰዉ ሁሉ ይሰብሰብ፣ ይቁጠር፣ ይቀመጥ። በመጡበት መንገድ ብቻ ይመለሱ፤ በጉም ውስጥ በአቋራጭ ወደ ታች መሞከር አይደረግም፤ አቋራጩ ገደል አፋፍ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ልብስ በሦስት ንብብር ይያዝ፤ ላብ የማይዝ ከውስጥ፣ ሹራብ ከመሐል፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ከላይ። የመንዝ ሰው የሚለብሰው የበግ ፀጉር በርኖስ ረጥቦም ስለሚያሞቅ ከጥጥ ጋቢ ለዚህ ይሻላል፤ ጋቢው አናት ላይ ደርሰው ሲያርፉ የሚደረብ ነው። ዳገት ከመጀመርዎ በፊት አንድ ልብስ ያውልቁ፣ ላይ እንደደረሱ ላቡ ሳይቀዘቅዝ ይልበሱ። የከፍታ ፀሐይ ቅዝቃዜ እያለም ያቃጥላልና ባርኔጣ አይረሳ። ለብርድ ብሎ አረቄ መቅመስ ቆዳን ያሞቀዋል እንጂ የውስጥ ሙቀትን ያባክነዋል፤ እግርንም ያላላል። አረቄው እስኪመለሱ ይቆይ።

ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ነው፤ ወደ ጀማ ለሚወርድ ሦስት። ከጅረት የሚጠጣ ካለ ይፈላ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ስንቁ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ጠግቦ ከመብላት በየሰዓቱ ጭብጥ ጭብጥ ቆሎ። ጾም ለሚጾሙ ቅዳሜ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ ቁልቁለት መውረድ በተለይ መድኃኒት ለሚወስድ አይደረግም። በዐቢይ ጾም ሜዳው ይበቃል።

የት ይጀመር ለሚል፣ ከሜዳው ቀጥሎ የአንኮበር የቀድሞው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ አጭር ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት የነበሩበት አምባ ነውና ላዩ ላይ ማረፍም ያስደስታል። ቀጥሎ ወፍ ዋሻ ደን ይምጣ። ጥላው ጥሩ ነው፤ የዝግባና የጥድ ሥር ከመንገዱ በላይ ወጥቶ ስለሚረጥብ ሥር ላይ አይርገጡ፣ ከሥር በላይ ይሻገሩ። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው ስፍራ ስለሆነ ከጥበቃዎቹ ጋር መሄድ ተገቢ ነው፤ ውሻ ይዞ መግባት ለቀይ ቀበሮው የበሽታ መዘዝ አለው። እዚያ እግር የሚበላው ገደል አይደለም፤ በጓሳው ሣር መሐል የተሸፈነ የፍልፈል ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ አይውጡ፣ ዱላውም መሬቱን ይዳስስ። አቡየ ሜዳ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ይቆይ። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ሰውነቱ ከፍታውን ለምዷል፤ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከውጭ አገር የመጣ ግን ደብረ ብርሃን ሁለት ሌሊት ይደር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከሁሉ በፊት የአካባቢውን ሰላም የቀበሌውን ሰው ሳይጠይቁ አይነሡ፤ ጥርጣሬ ካለ ይቅር። የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ቤት ይነገር። መንገድ ላይ ርቀት ሲጠይቁ "ቅርብ ነው" የሚለው መልስ በእረኛው እግር ነው። "አሁን ብንነሣ ስንት ሰዓት እንደርሳለን?" ብለው ይጠይቁና የተባለውን በሁለት ያባዙት። ሰብል አይረገጥ፣ የእርከን ድንጋይ አይናድ። ቤት ሲቃረቡ ከሩቅ "ኧረ ውሻ ያዙ!" ማለት ነው፤ ውሻ ከመጣ አይሩጡ፣ ቆመው ዱላውን ከፊት ያድርጉ። ከነከሰ ቁስሉ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ይኬዳል።

ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ጫማው አይውለቅ፤ ካበጠ ተመልሶ አይገባም። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ራጅ ይነሣ፤ የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ይብሳል። ቦርሳ ውስጥ ፕላስተር፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስኳርና ሰው የሚሸፍን ላስቲክ ይኑር፤ ሁሉም ተደምሮ ከ5 ኪሎ አይለፍ። ደረት አንቆ የያዘው ሰው ይቀመጥ እንጂ "ትንሽ ይሻለኛል" ብሎ አይራመድ። በእኛ አገር ቃሬዛ ተሸክሞ የሚያደርስ ሕዝብ አለ፤ በጊዜ ይጠራ።

በመጨረሻ ጥያቄያችን ለወረዳዎቹ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ነው። በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በጀማ አፋፍ፣ መንገዱ በሚጀመርበት ቦታ ላይ አንዲት ሰሌዳ ትቁም። የላይኛውና የታችኛው ከፍታ፣ የ60 ዓመት ሰው የሚወስድበት የደርሶ መልስ ሰዓት፣ የመጨረሻው ንጹሕ ውኃ የሚገኝበት ቦታ ይጻፍባት። ቁልቁል ለሚጀመሩት መንገዶች ደግሞ የመመለሻው ሰዓት ከሁሉ በላይ በጉልህ ቀለም ይሁን። ቀለሙንና ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን።

ከአክብሮት ጋር
በደብረ ብርሃን አካባቢ ተራራ የሚወጡ አንባቢዎቻችሁ